ከ12ኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ እስከ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፦ የመጀመሪያ ዲግሪ መግቢያ መስፈርቶችና አሠራሮች

ስለ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ምክር የሚጠይቁኝ ወላጆች አብዛኞቹ የሚመጡት የ12ኛ ክፍል ውጤት ከወጣ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ጉዳዩ ግማሽ መንገድ ሄዷል፤ የልጁ ስም በላቲን ፊደል እንዴት እንደተጻፈ፣ የትኛው የትምህርት ዘርፍ እንደተመረጠ፣ ትራንስክሪፕቱ ከፈተና ምዝገባው ጋር መስማማት አለመስማማቱ፣ ይህ ሁሉ አስቀድሞ ተወስኗል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባስተማርኩባቸው ዓመታት የተረዳሁት፣ ነጥቡን አምጥተው ሳለ በወረቀት ጉድለት ወይም ባለፈ ቀን የተንከራተቱ ልጆች ጥቂት አለመሆናቸውን ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የማቀርበው የመግቢያ ነጥቡን ብቻ ሳይሆን፣ ምን ነገር መቼና በየትኛው ቢሮ መጠናቀቅ እንዳለበት ጭምር ነው። የምናገረውም በዋናነት በአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በመደበኛው መርሐ ግብር ስለሚሰጠው የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ነው፤ የግል ተቋማትን ጉዳይ በመጨረሻ አነሣለሁ።

የቢሮዎቹን ድርሻ መለየት

የ12ኛ ክፍልን ሀገር አቀፍ ፈተና የሚያዘጋጀው፣ የሚያርመው፣ ውጤቱን የሚለቀውና ሰርተፊኬቱን የሚሰጠው የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው። የመግቢያ ነጥቡን የሚቆርጠውና ተማሪዎችን ለዩኒቨርሲቲዎች የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ዩኒቨርሲቲው የተመደበለትን ተማሪ ተቀብሎ ይመዘግባል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጡትን፣ ማለትም የትምህርት ክፍል ድልድልን፣ የውጤት አያያዝን፣ ከትምህርት መሰናበትንና መልሶ መቀበልን በራሱ የሴኔት ሕግ፣ ማለትም በውስጥ የትምህርት ደንቡ፣ መሠረት ይወስናል። ይህን ሳያውቅ የስም እርማት ፍለጋ ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ደጃፍ የሚቆም፣ ወይም ምደባው እንዲቀየርለት የዩኒቨርሲቲውን ኃላፊዎች የሚማጸን ተማሪ፣ ሊረዳው ሥልጣን የሌለውን ሰው ነው የሚለምነው።

የዚህ ሁሉ መነሻ ሕግ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ነው። በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ደግሞ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ የሚሆኑበትን መንገድ ከፍቷል፤ በዚህ መንገድ ቀዳሚ የሆነው በ1943 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅነት ሥራ የጀመረው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ራስ ገዝ የሆነ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን በራሱ መስፈርት ስለሚቀበል፣ እዚያ መግባት የሚፈልግ ተማሪ የሚኒስቴሩን ምደባ ብቻ ጠብቆ መቀመጥ አይችልም።

ምዝገባ፦ ፋይሉ የሚከፈተው እዚህ ነው

ለፈተናው የሚመዘገበው መደበኛ ተማሪ በትምህርት ቤቱ በኩል ነው፤ ቀደም ሲል ተፈትነው እንደገና መፈተን የሚፈልጉም በግል ተፈታኝነት ይመዘገባሉ። በምዝገባው ወቅት ሙሉ ስም ከነአባትና ከነአያት፣ ጾታ፣ የትምህርት ዘርፍ፣ የአካል ጉዳት ካለ ዓይነቱ፣ እንዲሁም ፎቶግራፍ ይሞላል። ተራ ፎርም ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ በሰርተፊኬቱ፣ በምደባው፣ በዩኒቨርሲቲው መዝገብና በስተመጨረሻም በዲግሪው ላይ የሚሰፍረው ስም ከዚህ ፎርም የሚመነጭ ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም እኛ ስማችንን በላቲን ፊደል የምንጽፍበት አንድ ወጥ ሥርዓት የለንም። «ፀሐይ» የሚለውን ስም አንዱ ጸሐፊ መጨረሻው ላይ አንድ ፊደል ጨምሮ ይጽፈዋል፣ ሌላው ይቀንሰዋል። «ኃይለ ሚካኤል» ወይም «ገብረ እግዚአብሔር» የሚል ስም ያለው ልጅ ችግሩ ከዚህም ይከፋል፦ ስሙ ተነጣጥሎ ሲሞላ «ሚካኤል» በአባት ስም ቦታ ይገባና እውነተኛው አባት ወደ አያት ቦታ ይገፋል፤ አያት ደግሞ ከነጭራሹ ይወጣል። በ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት ላይ ተያይዞ፣ በ12ኛ ክፍል ምዝገባ ላይ ተነጣጥሎ ከተጻፈ፣ አንዱ ልጅ በወረቀት ላይ ሁለት ሰው ሆነ ማለት ነው። ይህን ለማስቀረት ከምዝገባው ቀን በፊት የ8ኛ ክፍሉን ሰርተፊኬት፣ የ9ኛውንና የ10ኛውን ካርድ፣ የልደት የምስክር ወረቀቱንና የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ፊደል በፊደል ማነጻጸር ያስፈልጋል። ፋይዳ አሁን በብዙ የመንግሥት አገልግሎት ስለሚጠየቅ፣ በእርሱ ላይ ያለው አጻጻፍ ከትምህርት ማስረጃው ጋር መለያየቱ ዘግይቶም ቢሆን ጣጣ ማምጣቱ አይቀርም።

ሌላው በአገራችን የተለመደ ነገር፣ ለትምህርት ብሎ ከገጠር ወደ ከተማ የመጣ ልጅ በአሳዳጊው ስም መመዝገቡ ነው። አጎቱ ዘንድ ያደገ አንድ ጎበዝ ተማሪ ነበረኝ፤ እስከ 8ኛ ክፍል የአጎቱን ስም እንደ አባት ስም ሲጽፍ ኖሮ፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ወደ ወላጅ አባቱ ስም ተመለሰ። ልዩነቱ የታወቀው የዩኒቨርሲቲ ምዝገባ በተጀመረበት ሳምንት ነበር። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ የፍርድ ቤት ውሳኔ ለማውጣት ወደ ትውልድ ወረዳው ተመልሶ ምስክር ማቆም ነበረበት፤ ሲመለስ ጓደኞቹ ትምህርት ጀምረው ነበር። እንዲህ ያለ ጉዳይ ያለበት ቤተሰብ ውሳኔውን ልጁ 11ኛ ክፍል ሳለ ቢያወጣ፣ ኋላ ከሚመጣው ጭንቀት ይድናል።

ትምህርት ቤቱ የተመዝጋቢዎችን ዝርዝር አትሞ ሲያሳይ ተማሪው ራሱ ማንበብና ማረጋገጥ አለበት፤ «ጓደኛዬ አይቶልኛል» አይሠራም። የፈተና መግቢያ ካርዱ ከታተመ በኋላ የሚደረግ እርማት ረጅም ደብዳቤ መጻጻፍን ይጠይቃል። የትምህርት ዘርፉም እዚያው ይታይ፦ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ወደ ሕክምና ወይም ወደ ምሕንድስና የሚገባበት በር ስለሌለ፣ 11ኛ ክፍል ላይ የሚደረገው የዘርፍ ምርጫ ከብዙዎች ግምት በላይ የልጁን መንገድ ይቆርጣል።

ፈተናውና የማለፊያ ነጥቡ

የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና አፕቲትዩድ (አጠቃላይ የማሰብና የማመዛዘን ችሎታን የሚለካ ፈተና) ይፈተናሉ፤ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ደግሞ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስና አፕቲትዩድ። እያንዳንዱ ከ100 ተይዞ ድምሩ 600 ሲሆን፣ በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚጠየቀው 50 በመቶ፣ ማለትም 300 ነጥብ ነው። ይህ የግማሽ ነጥብ መስፈርት ሥራ ላይ የዋለው ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ተፈታኞች ጀምሮ ነው። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ቁጥሩ ከፍ እያለ ቢመጣም ዛሬም ከአሥር ተፈታኝ አንዱ እንኳ አያልፍም። ይህን የምጽፈው ልጆችን ለማስፈራራት አይደለም፤ ያላለፈ ልጅ በቤቱ ውስጥ እንደ ጥፋተኛ እንዳይታይና ቤተሰብም ሁለተኛውን መንገድ አስቀድሞ እንዲያስብበት ነው።

መስፈርቱ የድምር ነው፤ በእያንዳንዱ ትምህርት 50 ማምጣት አይጠበቅም። ስለዚህ ፊዚክስ የከበደው ተማሪ በባዮሎጂና በእንግሊዝኛ ሊያካክስ ይችላል። ነገር ግን ከዚህ የተሳሳተ ድምዳሜ የሚወስዱ አሉ፤ በተለይ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ሒሳብን ጨርሰው ይተዉታል። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ አንድ ላይ የድምሩን ግማሽ ይይዛሉ። ከሦስቱ አንዱን የተወ ተማሪ 300ን የሚፈልገው ከ600 ሳይሆን ከ500 ነው፤ ያም 60 በመቶ ማለት ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የተወሰኑ ተማሪዎች ፈተናውን በኮምፒዩተር ይወስዳሉ። ትምህርት ቤቱ በዚህ መንገድ እንደሚፈተን የተነገረው ተማሪ በማውዝ መጠቀምን፣ ከጥያቄ ወደ ጥያቄ መሄድንና መልስን መቀየርን ቀደም ብሎ ሊለማመድ ይገባል። ወደ ፈተና ግቢ ስልክም ሆነ ሌላ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ይዞ መግባት የተከለከለ ነው፤ በዚህ የተገኘ ተማሪ ውጤቱ እስከመሰረዝ ሊደርስ ይችላል። ውጤት ሲለቀቅም በተማሪው የምዝገባ ቁጥር በይፋዊው ገጽ ላይ ታይቶ ወዲያው ታትሞ ይቀመጥ። ቅሬታ ያለው ተማሪ የሚያቀርብበት ጊዜ አጭር ነው። በዚያ ሰሞን በቴሌግራም «ውጤት እናስተካክላለን» እያሉ ገንዘብ የሚቀበሉ ሰዎች ይበዛሉ። እነዚህ ሰዎች ሌቦች ናቸው፤ ለእነርሱ የተከፈለ ብር አይመለስም፣ ልጁንም በወንጀል ተጠርጣሪ ሊያደርገው ይችላል።

ከ300 በታች ለመጣበት፦ ሬሜዲያል

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሬሜዲያል፣ ማለትም የማካካሻ ትምህርት፣ ግማሽ ነጥብ ላላመጡ ነገር ግን ሚኒስቴሩ በየዓመቱ ከሚቆርጠው ዝቅተኛ ነጥብ ላልወረዱ ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው። ይህ መቁረጫ በተፈጥሮና በማኅበራዊ ሳይንስ፣ በወንድና በሴት፣ በታዳጊ ክልሎችና በአርብቶ አደር አካባቢ፣ እንዲሁም ማየት ወይም መስማት ለተሳናቸው ተማሪዎች የተለያየ ነው። ስለዚህ ተማሪው ነጥቡን ከጎረቤቱ ልጅ ነጥብ ጋር ሳይሆን ራሱን ከሚመለከተው ሰንጠረዥ ጋር ያነጻጽር። በምዝገባው ጊዜ የአካል ጉዳት ሁኔታው ያልተሞላለት ልጅ እዚህ ላይ መብቱን ለማስከበር ይቸገራል፤ ያ ፎርም ዋጋ አለው ያልኩትም አንድም ለዚህ ነው።

ትምህርቱ ለአራት ወራት ያህል ይሰጣል። ከምዘናው 30 በመቶው በሚማሩበት ተቋም፣ 70 በመቶው ደግሞ በማዕከል በሚዘጋጅ ፈተና ይያዛል፤ የሁለቱ ድምር 50 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነለት ተማሪ ወደ አንደኛ ዓመት ያልፋል። ብዙ ልጆች ግቢ ስለገቡ ብቻ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ይመስላቸዋል። አልገቡም። በእነዚያ አራት ወራት የሚሰጠው ትምህርት የ12ኛ ክፍሉን ክፍተት ለመሙላት ሁለተኛ ዕድል ነው፤ ጊዜው ደግሞ ከአንድ ሴሚስተር የማይበልጥ በመሆኑ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ መያዝ አለበት። የማካካሻ ትምህርቱን በግል ተቋም የሚከታተሉም የሚቀርቡት ለዚያው ለማዕከላዊው ፈተና ነው።

ዩኒቨርሲቲ መምረጥ

የማለፊያ ነጥብ ያመጣ ተማሪ ሚኒስቴሩ በሚከፍተው የምደባ ገጽ ገብቶ ዩኒቨርሲቲዎችን በቅደም ተከተል ይመርጣል። ምደባው የሚሠራው ነጥብን፣ የምርጫ ቅደም ተከተልንና ዩኒቨርሲቲዎቹ የሚቀበሉትን የተማሪ ቁጥር አገናዝቦ ነው። እዚህ ላይ የማየው ትልቁ ስህተት ምርጫውን ለኢንተርኔት ቤት ሠራተኛ አስረክቦ መሄድ ነው። በዚያ ሰሞን ወረፋው ረጅም ነው፣ ሠራተኛው ይቸኩላል፣ ልጁ ያልሰጠውን ቅደም ተከተል ሊያስገባም ይችላል። ዝርዝሩን ቤት ተቀምጦ በወረቀት ማዘጋጀት፣ ራስ ገብቶ መሙላት፣ የይለፍ ቃሉን ለማንም አለመስጠት፣ ከተመዘገበ በኋላም ተመልሶ ገብቶ የተቀመጠው ምርጫ ያስገቡት መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። ቀኑ አልፎ ምርጫ ያልሞላ ተማሪ ቦታ ወደተገኘበት ሊመደብ ይችላል።

ታዲያ በምን ይመረጥ? ብዙ ልጆች የሚመርጡት በከተማው ስም ወይም ጓደኛ በሚሄድበት ነው። ከዚያ ይልቅ ተማሪው ሊያጠና የሚፈልገውን መስክ አስቀድሞ ማሰብና በዚያ መስክ ረጅም ልምድ ያለው የት እንደሆነ መጠየቅ ይሻላል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻው በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው፤ ሐረማያ የተጀመረው በግብርና ኮሌጅነት ነው፤ አርባ ምንጭ ከውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያደገ ነው፤ ባሕር ዳር የፖሊቴክኒክና የመምህራን ማሠልጠኛ ሥር አለው፤ ጅማ ደግሞ የግብርናና የጤና ተቋማት ተዋሕደው የተመሠረተ ነው። ሚኒስቴሩ ዩኒቨርሲቲዎችን በተልዕኮ የምርምር፣ የተግባር ሳይንስና አጠቃላይ ብሎ ለይቷቸዋል። አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ሐረማያና መቀሌ ከምርምር ዩኒቨርሲቲዎቹ ውስጥ ናቸው። ይህ ማለት ግን ሌሎቹ ዝቅ ያሉ ናቸው ማለት አይደለም፤ በአዳዲሶቹ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ክፍል ያለው የተማሪ ቁጥር አነስ ሊል፣ መምህሩንም ማግኘት ሊቀል ይችላል።

ርቀትና የአየር ጠባይም ይታሰቡ። አስም ያለበት ልጅ ለደጋ ብርድ፣ ሙቀት የማይስማማው ደግሞ ለቆላ ከተማ ምን ያህል እንደሚመች ቤተሰብ አስቀድሞ ይነጋገር። የመንገዱ ደኅንነትና የትራንስፖርት ወጪውም ጥቃቅን ጉዳዮች አይደሉም። ምደባ ከወጣ በኋላ የሚቀርብ የለውጥ ጥያቄ በመደበኛው አካሄድ ተቀባይነት የለውም። እንደ ከባድ የጤና ችግር ያለ ልዩ ሁኔታ ያለበት ተማሪ፣ ወይም አጥቢ የሆነች እናት፣ ማስረጃውን በምርጫው ወቅትና በዓመቱ መመሪያ በተገለጸው መንገድ ያቅርብ። የሐኪም ማስረጃው ሥልጣን ካለው የመንግሥት ሆስፒታል የተሰጠ፣ ቀንና ማኅተም ያለው መሆን ይገባዋል።

የራሳቸውን ፈተና የሚሰጡ

የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች መካከል በራሳቸው መግቢያ ፈተና ለይተው ይቀበላሉ። ማመልከቻው የሚከፈተው ከሀገር አቀፉ ውጤት በኋላ ባለው አጭር ጊዜ ስለሆነ፣ ምሕንድስናን የሚመኝ ልጅ የሁለቱን ተቋማት ማስታወቂያ በየቀኑ ይከታተል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የራሱን ማመልከቻ ተቀብሎ በመግቢያ ፈተና ይመርጣል፤ ወጪያቸውን ራሳቸው ችለው የሚማሩ ተማሪዎችንም ያስተናግዳል። የመከላከያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የራሱ የምልመላ ሥርዓት አለው፤ ወደዚያ የሚሄድ ልጅ ከትምህርቱ ጋር የሠራዊቱን የአገልግሎት ግዴታ እንደሚቀበል አውቆ ይግባ። በአንዱ ተቋም ማመልከት የሚኒስቴሩን ምርጫ ከመሙላት አያድንም፤ ያላለፈ ቢሆን መመለሻው እርሱ ነውና ሁለቱም ጎን ለጎን ይሠሩ።

ጥሪ ሲወጣ

ዩኒቨርሲቲዎች የምዝገባ ቀናቸውን በይፋዊ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጻቸውና በመገናኛ ብዙኃን ያስታውቃሉ። ከተባለው ቀን ቀድሞም ሆነ ዘግይቶ የመጣን እንደማያስተናግዱ በጥሪው ይጽፋሉ፤ ቃሉም የምር ነው። በጥሪዎቹ ሁሉ በተለምዶ የሚጠየቁት የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት ማስረጃ፣ ሁሉም ዋናውና የማይመለስ ኮፒው፣ እንዲሁም ስምንት ጉርድ ፎቶግራፍ ነው። ተማሪው ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅም ይዞ እንዲመጣ ይነገረዋል። በእኔ ልምድ ዋና ማስረጃን ሻንጣ ውስጥ አድርጎ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ መጫን ትልቅ ጥፋት ነው፤ በእጅ ቦርሳ ይያዝ፣ አንድ ሙሉ ኮፒም ቤት ይቅር፣ ሌላውም በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ይቀመጥ። ትራንስክሪፕቱ የትምህርት ቤቱ ማኅተምና ፊርማ እንዳለበት ሳይታይ ከቤት አይወጣ።

ሁለት ትምህርት ቤት ቀያይሮ የተማረ ልጅ የሁለቱንም ትራንስክሪፕት ያስፈልገዋል፤ በክረምት ትምህርት ቤቶች ስለሚዘጉና ሪከርድ ክፍል ሰው ስለማይገኝ ይህን በሰኔ መጨረስ ይበጃል።

በምዝገባው ወቅት የወጪ መጋራት ውል ይሞላል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት በዚህ ሥርዓት ተማሪው ከትምህርት ወጪው ቢያንስ 15 በመቶውን፣ የምግብና የመኝታ አገልግሎት ከወሰደም የዚያን ወጪ፣ ተመርቆ ገቢ ማግኘት ሲጀምር ለመክፈል ይፈርማል። ስለዚህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በነጻ የሚማሩበት ነው የሚለው አነጋገር በትክክሉ «አሁን ሳይከፈል» መባል ያለበት ነው። ከሚፈርሙት ውል አንድ ቅጂ ይቀመጥ፤ ዋናውን ዲግሪ ለመውሰድ ሲሄዱ የሚጠየቁት በዚያ መሠረት ነውና።

ከገቡ በኋላ የሚሠሩ ደንቦች

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ ገቢ ተማሪ በቀጥታ ወደ ትምህርት ክፍል አይገባም፤ መጀመሪያ የፍሬሽማን የጋራ ኮርሶችን ይወስዳል። ሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብ፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክሂል፣ ሥነ ልቦና፣ ሒሳብ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። የትምህርት ክፍል ድልድሉ የሚሠራው በፍሬሽማን ውጤትና በ12ኛ ክፍል ነጥብ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ለእያንዳንዱ የሚሰጠው ክብደት ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ስለሚለያይ ተማሪው የገባበትን ግቢ መመሪያ በመጀመሪያው ወር ፈልጎ ያንብብ። «የጋራ ኮርስ ነው» ብሎ ችላ ያለ ልጅ ሕክምናን ወይም ሕግን ያጣው በዚያ ሴሚስተር መሆኑን የሚረዳው ድልድሉ ከተለጠፈ በኋላ ነው።

ለመመረቅ የሚጠየቀው አጠቃላይ አማካይ ነጥብ 2.00 ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋም የሚማር የመጀመሪያ ዲግሪ ዕጩ የመውጫ ፈተናን በ50 በመቶ ማለፍ አለበት። ዩኒቨርሲቲ የሚመርጥ ቤተሰብ በሚያስብበት መስክ የመውጫ ፈተና ውጤቱ እንዴት እንደሆነ መጠየቁ ተገቢ ነው እላለሁ፤ የመማር ማስተማሩን ጥራት ከሕንጻው ይልቅ ያ ይናገራል።

በሕመም፣ በቤተሰብ ችግር ወይም በሌላ ምክንያት ትምህርት ማቋረጥ ግድ ሲሆን፣ ዝም ብሎ ግቢውን ለቆ መሄድ አይገባም። የዊዝድሮዋል ፎርም ተሞልቶ፣ ከቤተ መጻሕፍትና ከዶርም ክሊራንስ (የተዋሱት ዕቃ አለመቅረቱን የሚያሳይ ማረጋገጫ) ተወስዶ፣ ሬጅስትራር ተቀብሎ ማኅተም ሊያደርግበት ይገባል። ይህን ያደረገ ተማሪ በሴኔት ሕጉ በተፈቀደው ጊዜ ውስጥ መልሶ የመግባት ጥያቄ ማቅረብ ይችላል። ሳያሳውቅ የጠፋ ግን የጀመራቸው ኮርሶች ወድቀው ሊመዘገቡበት ይችላሉ፤ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር ሲሞክርም ያ ውጤት ይከተለዋል። ልጆች ይህን ስለማያውቁ ነው የሚጎዱት፤ ማንም በመጀመሪያው ቀን ስለ ማቋረጥ አይነግራቸውም።

በሌላ በር ለሚገቡ

በግል ተቋም፣ በማታ ወይም በርቀት መማር የሚፈልግም ከመስፈርቱ ውጭ አይደለም፤ የ50 በመቶው ነጥብ ወይም ሬሜዲያሉን ማለፍ እርሱንም ይመለከተዋል። ፈተናውን ከ2014 ዓ.ም. በፊት የወሰዱ ሰዎች የሚመዘኑት በተፈተኑበት ዓመት በተቆረጠው የመግቢያ ነጥብ ነው፤ ስለዚህ የድሮ ሰርተፊኬት ያለው ሰው የዛሬውን መቁረጫ አይቶ ተስፋ አይቁረጥ፣ የዓመቱን መቁረጫ ይጠይቅ። ከአገር ውጭ፣ ለምሳሌ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም በአሜሪካ፣ ሁለተኛ ደረጃን ያጠናቀቀ ልጅ ደግሞ ማስረጃው በተማረበት አገር ተረጋግጦ እዚህ የአቻ ግምት ሊሰጠው ይገባል፤ ይህ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ከመምጣቱ በፊት ይጀመር።

የግል ተቋም የሚመርጥ ቤተሰብ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ፈቃዱን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያጣራ። ፈቃድ የሚሰጠው ለተቋሙ በጥቅሉ ሳይሆን ለየመስኩ፣ ለየካምፓሱና ለትምህርት አሰጣጡ ዓይነት ነው። በአዲስ አበባ ካምፓሱ ነርሲንግን በመደበኛ እንዲያስተምር የተፈቀደለት ኮሌጅ፣ በሌላ ከተማ በከፈተው ቅርንጫፍ በማታ ያንኑ መስክ ለማስተማር ሌላ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የፈቃድ ወረቀት ሲያዩ የመስኩን ስም፣ የካምፓሱን አድራሻና የሚያበቃበትን ቀን ያንብቡ፤ ከባለሥልጣኑ ዝርዝር ጋር ካልተመሳሰለ ልጅዎን አያስመዝግቡ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ለመውጫ ፈተና ሊቀመጥ አይችልምና።